ድጋፉ ላሟ ሳትሸጥ ይድረስ

ይድረስ፦ የግብርና፣ የገንዘብና የብድር ውሳኔ በእጃችሁ ላለ ሁሉ

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የምጽፈው የጠዋቱን ወተት አልቤ እንደጨረስኩ ነው። እጄ ገና ወተት ወተት ይላል። ወተት አምራች ነኝ። ወላጆቼም ያሳደጉኝ በዚሁ ሥራ ነው። ስለ ኢኮኖሚ ድቀት ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሞልቷል። እኔ የማውቀው ድቀቱ በረት ሲገባ ምን እንደሚመስል ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለወተት አምራቹ ያሰባችሁት ድጋፍ ካለ፣ ላሟ ሳትሸጥ ይድረስ። ከተሸጠች በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የላም ነገር በጊዜ ነው የሚለካው። ይህን ደግሞ ቢሮ ሆኖ ማየት ስለሚከብድ ከራሴ ልጀምር።

በአንዱ ክፉ ዓመት፣ ወተታችንን የሚረከበን ድርጅት አንዲት ወረቀት ላከልን። ሁለት መስመር ናት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የምንረከበው ግማሹን ብቻ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል ትላለች። ገዢ ጠፍቷል፣ መጋዘኑ ሞልቷል። ሰው ሥራውን ሲያጣ ቶሎ የሚተወው ውጭ መብላትን ነው። ቀጥሎ ቅቤና አይብ ይቀንሳል። ምግብ ቤቱና ሆቴሉ ትእዛዝ ሲያቆሙ ማቀነባበሪያው ይጨናነቃል። ማቀነባበሪያው ሲጨናነቅ ወረቀቷ ወደ እኛ ትመጣለች። ሰንሰለቱ ይገባኛል። ወረቀቷን የጻፈውም ሰው ጨንቆት እንደጻፋት አውቃለሁ።

ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ወደ በረት ገባሁ። ላሞቹ ግታቸው ሞልቶ፣ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ይጠብቁኛል። ነገሩ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። ፋብሪካ ቢሆን ማሽኑን ያጠፋል። ሱቅ ቢሆን በሩን ዘግቶ የተሻለ ቀን ይጠብቃል። እህል ያለው ሰው እንኳ ዋጋ እስኪመለስ አቆይቶ ይታገሳል። ላምን ግን ማጥፋት አይቻልም። ዛሬም ትታለባለች፣ ነገም ትታለባለች፣ ገዢ በሌለበትም ቀን ትታለባለች። ሳትታለብ የዋለች ላም ግቷ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እጅ ሲነካት ትሸሻለች፣ እግሯን ታነሳለች። ቆይቶ ጡቷ ይታመማል። አንዴ የታመመ ጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አይሆንም። እርጉዟን ቀደም ብሎ ማንጠፍ ይቻላል። ግን ከነጠፈች እስክትወልድ ድረስ ጠብ የሚል ወተት የለም።

የታለበውም ወተት አይጠብቅም። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው አንድ ሁለት ቀን ቢያቆየው ነው። የሌለው በሰዓታት ውስጥ ካላስረከበ ይበላሽበታል። ስለዚህ ወተት አምራች ዋጋ ላይ ተከራክሮ አያውቅም። በተሰጠው ይሸጣል፣ ወይ ይደፋል።

እኔም ደፍቻለሁ። ወተት ሣር ላይ ሲደፋ ቶሎ አይሰርግም። ነጭ ሆኖ ትንሽ ይቆማል፣ አረፋው ዳር ዳር ይሸሻል። ጥጃዋ መጥታ አሸተተችው። ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ለምንድነው የምትደፋው?» አለችኝ። ገዢ ስለሌለ አልኳት። «የራበው ሰው የለም እንዴ?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ መልሱን አልሰጠኋትም።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሁላችንም መጀመሪያ የምንሄደው ወደ መኖው ነው። የወተት ሥራ ወጪው ግማሽና ከዚያም በላይ መኖ ነውና ሌላ የሚቀነስ ነገር ብዙም የለም። ፋጉሎው ይቀራል፣ የተፈጨው እህል ይቀነሳል፣ ላሟ በገለባና በድርቆሽ ትውላለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ያተረፍን ይመስለናል። ከዚያ ወተቱ መውረድ ይጀምራል። ላም ብዙ ወተት የምትሰጠው ከወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ከተራበች፣ በኋላ እንደ ልቧ ብትበላም ያጣችው አይመለስም። እስክትነጥፍ ድረስ ዝቅ እንዳለች ትቀጥላለች። የገዛ ሥጋዋን እያቀለጠች ወተት ስለምትሰጥ ትከሳለች። የከሳች ላም ኮርማ አትሻም። ኮርማ ካልሻች አታረግዝም። ካላረገዘች የከርሞ ወተት የለም። ዛሬ ከመኖው የቆጠብኩት ገንዘብ የዛሬ ዓመት ዞሮ ይጠይቀኛል። ድቀቱ አለቀ ተብሎ በዜና ሲነገር፣ እኔ በረት ውስጥ ገና መሃሉ ላይ ነው።

መኖ መቀነሱ አልበቃ ሲል ላም ይሸጣል። ያን ዓመት አንዷን ሸጥኩ። ሦስተኛ ወሊዷን የምትጠብቅ፣ የ5 ወር እርጉዝ ነበረች። ነጋዴው በጠዋት መጣ። ስንት ሊትር ትሰጣለች ብሎ አልጠየቀም። እናቷ ምን ዓይነት ነበረች ብሎም አልጠየቀም። ጀርባዋን በመዳፉ ዳሰሰ፣ የጎን አጥንቷን ነካ ነካ አደረገ፣ ዳሌዋን አየ። ሥጋዋን ነበር የሚገምተው። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ላም ያወጣ ስለነበር ገበያው ተጥለቅልቋል። የሰጠኝ ዋጋ ከጠበቅሁት ግማሽ አይሞላም። ገመዱን ከእጄ ሲቀበለኝ ላሟ ዞር ብላ ወደ በረቱ አየች።

እስቲ አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለመሸጥ አንድ ጠዋት በቃኝ። ለመተካትስ? የላም እርግዝና 280 ቀን ያህል ነው። የሚወለደው ጥጃ ሴት የመሆኑ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ከሆነች፣ በደንብ ከበላች፣ ካልታመመች፣ መጀመሪያ የምትወልደው በ2 ዓመቷ ገደማ ነው። መኖ ባጠረበት ቤት 3 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዛሬ ከምታረግዝ ላም ብንቆጥር፣ ከልጇ የመጀመሪያውን ወተት የማገኘው ሁሉ ነገር ተሳክቶ 3 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ወጪ ነው። እንግዲህ ድጋፋችሁ ከ6 ወር በኋላ ቢመጣ የትኛዋን ላም ያድናል?

ይህ የእኔ በረት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግልጽ ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ያው ነገር በየዘመኑ፣ በየአገሩ ተመላልሷል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። በታላቁ ድቀት ጊዜ፣ በ1933፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ወተት የሚሸጥበት ዋጋ ወጪውን አልመልስ አለ። ገበሬዎቹ መንገድ ዘጉ፣ የወተት መኪና እያስቆሙ ወተቱን ደፉ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አድማ መቱ። ብሔራዊ ዘብ የሚባለው የግዛቱ ወታደርም ወጣባቸው። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ሌላ መንገድ ሞከሩ። የወተት ግብይት ቦርድ አቋቋሙ። ቦርዱ የእያንዳንዱን አምራች ወተት እየተረከበ፣ ገቢውን አንድ ላይ አጠራቅሞ ያከፋፍል ነበር። እስከ 1994 ቆየ። የሚተችበት ብዙ ነገር ነበረው። ግን ጠዋት ያለበው ወተት ገዢ እንዳለው አውቆ የሚያድር ገበሬ ነበር። ያን እርግጠኝነት አሁን ያለነው አናውቀውም።

ከዚያ 2009 መጣ። በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ከመፈንዳቱ በፊት ወተት ጥሩ ዋጋ ነበረው፤ መኖም ተወድዶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለአምራቹ የሚከፈለው በ2009 አጋማሽ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። መኖው ግን በዚያው ልክ አልወረደም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። በሴፕቴምበር 2009 ቤልጂየም ውስጥ፣ ሲኔ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ገበሬዎች 3 ሚሊዮን ሊትር ያህል ወተት በትራክተር እየጎተቱ ማሳ ላይ ረጩት። የአውሮፓ ኅብረት 280 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት የተስማማው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ዋጋው ግን ከወራት በፊት ነው የወደቀው። ገንዘቡን አላናንቅም። በነዚያ ወራት ውስጥ ስንት ለወተት የሚሆን ላም ቄራ እንደገባ ግን ሳስብ ያመኛል።

ትልቅ መሆንም፣ ዘመናዊ መሆንም አያስጥልም። ሩሲያ በኦገስት 2014 ከአውሮፓና ከሌሎች አገሮች ምግብ እንዳይገባ አገደች። የቻይና ግዢ ቀዘቀዘ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ1984 ጀምሮ የነበረውን የወተት ኮታ፣ ማለትም በምርቱ ላይ የተጣለውን ጣሪያ፣ በ2015 አነሳ። የኒውዚላንዱ ትልቅ ኅብረት ሥራ ፎንቴራ በ2013/14 የምርት ዘመን ለአንድ ኪሎ የወተት ጠጣር (በወተቱ ውስጥ ላለው ስብና ፕሮቲን) 8.40 የኒውዚላንድ ዶላር ነበር የከፈለው። በሚቀጥለው ዘመን 4.40 ከፈለ፣ ከዚያ 3.90። እነዚያ ሰዎች ማሽን አላቸው፣ ሜዳ አላቸው፣ የራሳቸው ድርጅት አላቸው። ቢሆንም ገቢያቸው በሁለት ዓመት ከግማሽ በታች ሆነ።

የ2020ውን ደግሞ ሁላችንም አየነው። በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤትና ምግብ ቤት ሲዘጋ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ውስጥ ወተት ይደፋ ጀመር። በዚያው ሳምንት ግን ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ብቻ እየተባለ ወተት በቁጥር የሚሸጥበት ቦታ ነበር። ለትምህርት ቤትና ለምግብ ቤት ያሽግ የነበረ ፋብሪካ በአንድ ጀምበር ለቤት የሚሆን እሽግ ማውጣት አይችልም። ማሽኑም ማሸጊያውም ሌላ ነው። የራበው ሰው የለም እንዴ ላለችኝ ልጄ መልሱ ምናልባት ይህ ነው። የራበ አለ። መሃሉ ላይ ያለው መንገድ ነው የሚቆረጠው።

ስለ ገጠሩ ደግሞ ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በዓለም ላይ 150 ሚሊዮን ያህል ቤተሰብ ወተት በማምረት ላይ እንዳለ ይናገራል። አብዛኛው እንደ እኔ ጥቂት ላም ያለው ነው። እህል የሚሸጠው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። የወተት ገንዘብ ግን በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ ቢዘገይ በየወሩ ይገባል። ስለዚህ የቤቱ የዕለት ወጪ በወተት ነው የሚሸፈነው። ደብተሩ፣ መድኃኒቱ፣ ሳሙናው፣ ትራንስፖርቱ። በብዙ ቦታ ይህ ገንዘብ የሴቶቹ እጅ ላይ ነው ያለው። ወተት ሲወድቅ መጀመሪያ የምትቸገረው ልጆቹን የምታስተምረው እናት ናት።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ መኖ ሻጩ ይመታል። ዱቤ ይሰጠናል፣ እኛ አንከፍለውም፣ እሱም ለአምጪው አይከፍልም። ቀጥሎ የከብት ሐኪሙ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ሐኪም በሞተር ብስክሌት ነበር የሚመላለሰው። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ነበር የምንለየው። በዚያ ክፉ ዓመት ሰው ላሙ ስትታመም ቀን እየቆጠረ፣ ይሻላት ይሆናል እያለ፣ ሐኪም መጥራት ተወ። ዱቤውም በዛበት። አንድ ቀን ሞተሩን መስማት አቆምን። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዋጋው በኋላ ሲመለስ ሐኪሙ አልተመለሰም። ዛሬም ጥጃ በወሊድ ላይ ሲታገል የምንጠራው ሰው የለም። ይህ በየትኛውም የኪሳራ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ አይመስለኝም።

ከተማ ሄደው የሚሠሩት ልጆችና ወንድሞችም ያን ጊዜ ይመለሳሉ። ድሮ ገንዘብ ይልኩ ነበር፤ አሁን ራሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። የምንቀበላቸው ደስ ብሎን ነው፣ ቤታቸው ነው። ግን የሚላከው ቀርቶ የሚበላው ሲጨምር ያቺ አንዲት ላም ላይ ሸክሙ ይከብዳል። ድቀት ገጠሩን በሁለት በር ነው የሚገባው የምለው ለዚህ ነው።

ለብድር ሰዎች ለብቻ አንድ ነገር ልበል። ብድሩን የወሰድነው በደጉ ጊዜ ነው። ያኔ ወተት ዋጋ ነበረው፣ እናንተም ውሰዱ፣ አስፉ ብላችሁን ነበር። በረት አሰፋን፣ ማቀዝቀዣ ገዛን። ቀኑ ሲከፋ ወለዱ አይቀንስም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጨምራል። በ1980 ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ባንኮች ለምርጥ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድ ከ20 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ስንት እርሻ በሐራጅ እንደተሸጠ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ክፍያ ሲዘገይ መያዣውን ሽጡ ትላላችሁ። መያዣው ላሟ ናት። እሷን ስሸጥ ብድሩን የምከፍልበት ወተት አብሮ ይሄዳል። ግማሹን ዕዳ ዘግቼ፣ ለቀሪው ምንም ገቢ ሳይኖረኝ እቀራለሁ። እናንተም ሙሉ ገንዘባችሁን አታገኙም። 6 ወር ታግሳችሁ ላሟ በረት ብትቆይ ኖሮ ሁለታችንም እንከፈል ነበር።

ይህ ሁሉ ጭንቀት የት እንደሚደርስ አንድ ምሳሌ ላንሳ። በ2018 መጀመሪያ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለ አንድ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማህበር ለአባላቱ ከወተት ክፍያቸው ጋር ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ዋጋው ገና እንደሚወርድ ይናገራል። ከሥር ደግሞ ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች እርዳታ የሚሰጡ ስልክ ቁጥሮች ተዘርዝረዋል። የላኩት ሰዎች አባላቱን ስለሚወዱ ነው የላኩት። አንድ ገበሬ ያን ፖስታ ሲከፍት ምን እንደተሰማው ግን ማሰብ አልችልም። ተጨንቆ ዝም ያለ ጎረቤት ካላችሁ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ድጋፉ በጊዜ እንዲደርስ ከተፈለገ ደንቡ አስቀድሞ፣ በደጉ ቀን መጻፍ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቀውሱ ከመጣ በኋላ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ጥናት ሲጠና፣ ቅጽ ሲሞላ ላሟ ትሄዳለች። ዋጋውና ወጪው ሲጠባበቡ ክፍያው ማንም ሳያዝዝ በራሱ የሚጀምርበት መንገድ አለ። አሜሪካኖች በ2014 አንድ ዋስትና ጀመሩ። ከወተቱ ዋጋ ላይ የመኖው ወጪ ተቀንሶ ይሰላል፤ የሚተርፈው ገበሬው ከመረጠው መጠን በታች ሲሆን ይከፍላል። መጀመሪያ ላይ የሚሰላው በ2 ወር አማካይ ነበር። ብዙ ገበሬ አልጠቀመንም ብሎ ተማረረ። በ2018 ስሌቱን በየወሩ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት በወጣው የእርሻ ሕግ ደግሞ በተሻሻለ ሌላ ዋስትና ተኩት። ከ2 ወር ወደ 1 ወር መውረዱ ለእናንተ የሰነድ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን በ1 ወር ውስጥ ነው ላም የሚሸጠው። ደግሞ ልብ በሉ፣ የሚታየው ዋጋው ብቻ አይደለም። መኖው አብሮ ይታያል። ብዙ ቦታ ስለ ወተት ዋጋ ብቻ ሲወራ እሰማለሁ። ወተት ዋጋው ሳይወድቅም መኖ በእጥፍ ቢጨምር እኛ ያው እንወድቃለን።

ብድሩም እንዲሁ ይሁን። ያ ደንብ ክፍያ የሚያስጀምርበት ወር ሲመጣ የብድር እፎይታውም በራሱ ይጀምር። ገበሬው ቢሮ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስኪለምን አይጠበቅ። አብዛኛው ሰው ማፈሩ ይበልጥበታል። አይመጣም። ላሙን ሸጦ ከፍሎ ዝም ይላል። እናንተም ደንበኛችን በሰዓቱ ከፈለ ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የምወደው ነገር፣ ኅብረት ሥራ ነው። ሕንድ ውስጥ በካይራ አውራጃ ያሉ ገበሬዎች በ1946 ወተታቸውን በርካሽ ለሚወስደው ነጋዴ አንሰጥም ብለው የራሳቸውን ማህበር አቋቋሙ። አሙል የሚባለው ያ ነው። የመንደሩ ሰው ጠዋትና ማታ ወተቱን ይዞ ይመጣል፣ ይለካል፣ የስቡ መጠን ይታያል፣ ይመዘገብለታል። ከ1970 ጀምሮ አገሪቱ ያን አሠራር በየቦታው አስፋፋችው። ከ1998 ወዲህ ሕንድ በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። አብዛኛው ወተት የሚመጣውም ጥቂት ላምና ጎሽ ካለው ቤተሰብ ነው። ማህበር ድቀትን አያስቆምም። ግን ያ ሁለት መስመር ወረቀት ከመላኩ በፊት ስብሰባ ይጠራል። ጉዳቱን ማን ምን ያህል እንደሚሸከም እኛው ተነጋግረን እንወስናለን። በክፉ ቀን የሚቆም ማህበር ግን በክፉ ቀን አይመሠረትም። ማቀዝቀዣውን፣ መለኪያውን፣ ሂሳብ ያዡን አሁን አግዙን።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ ላልፈውም አልፈልግም። ወተት በዝቶ ነው ዋጋው የወደቀው፤ ስለዚህ ደካማው ይውጣ፣ ጠንካራው ይቅር የሚል። ከፊሉ እውነት ነው። ዋጋ ሲወድቅ ብዙዎቻችን ዕዳ ለመክፈል ብለን የበለጠ ወተት ለማምረት እንሞክራለን፤ ያ ደግሞ ገበያውን ይብስ ያጥለቀልቀዋል። በሊትር ልክ የሚከፈል ድጎማ ይህን ያባብሳል። እኔም አልጠይቀውም። ትርፉን ወተት ገዝቶ ዱቄት አድርጎ መጋዘን መከመርም ለጊዜው ነው። ዱቄቱ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሲወጣ የሌላ አገር ገበሬን ዋጋ ይዞ ይወርዳል። እሱም እንደኔ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ከሥራው በክብር መውጣት የሚፈልግም አለ፤ ዕድሜው የገፋ፣ ልጆቹ ሌላ ሥራ የያዙ። ለእሱም መንገድ አብጁለት። ግን በድቀት ጊዜ የሚወጣው ደካማው ነው የሚለውን አልቀበልም። በ2009ም ሆነ ከዚያ በኋላ ከወደቁት መካከል ገና የተበደሩት አሉበት። ወጣቶቹ። አዲስ በረት የሠሩት፣ የተሻለ ዝርያ የገዙት። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የወደቁት። ዕዳው አዲስ ስለነበረ ነው። እነሱ ሲሄዱ የሚቀጥለው ሃያ ዓመት ነው አብሯቸው የሚሄደው።

ተስፋ የሚሰጥ መግለጫ ብዙ ሰምተናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት እኛ ቤት ተረት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ድጋፍ ተፈቀደ የሚል ዜና ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ወደ እኛ ሮጠው ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ መቼ እንደሚደርስ ስለማናውቅ አናያቸውም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስታነቡ አንድ ቁጥር ብቻ ጻፉልን። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የወተት ዋጋ ከወደቀበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው ክፍያ ገበሬው እጅ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? የገንዘቡን መጠን አይደለም የምጠይቀው። ቀኑን ነው። 30 ከሆነ ንገሩን፣ 200 ከሆነም ንገሩን። ቁጥሩን ካወቅን መኖ ስንት ቀን እንደምናቆይ፣ የትኛዋን ላም ቀደም ብለን እንደምናነጥፍ፣ ከማን እንደምንበደር እናስባለን።

በረት ውስጥ አንዲት ጊደር አለችኝ። የሸጥኳት ላም የመጀመሪያ ልጅ ናት። ሁለት ወር ቀርቷታል። ግቷ መሙላት ጀምሯል። መልሳችሁን ከመውለዷ በፊት ባገኘው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወተት አምራች